ገመዱ ጌሙ ላይ ነበር

እስቲ ዛሬ አንድ ሰው ቤት ይዣችሁ ልግባ። ብዙ አንቆይም።

ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ሥራው የሕንፃ ንድፍ ነው፤ የሰው ቤት፣ የሰው ሱቅ ይነድፋል። ሰኞ ጠዋት የሚያስረክበው የአንድ ክሊኒክ ፕላን አለበት። ከተማው አርባ ምንጭ ነው፤ ሙቀቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ሰውየውን ያልበዋል። እጁ ማውሱ ላይ ነው። ጆሮው ግን ሌላ ቦታ ነው።

ጆሮው የት ነው? ከስክሪኑ ግራና ቀኝ በቆሙት ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ላይ ነው።

ዘፈን እየሰማ አይደለም። መዝሙርም አይደለም። የአባቱን ትንፋሽ ነው የሚሰማው።

ላስረዳችሁ። ይህ ሰው ታረቀኝ ይባላል። አባቱ ጋሽ ወልደሃና የመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበሩ፤ ሞተሩ እየጮኸ ከላይ ሆነው ሲጣሩ ሠራተኛው ሁሉ ይሰማቸው ነበር። ባለፈው ዓመት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ደከመ፤ ያ ድምፅም ቀጠነ። አሁን አጠገባቸው ካልተቀመጣችሁ አትሰሟቸውም። ስልክ እንዳይደውሉ ጣታቸው አይታዘዝም። ወደ ትልቁ ቤት ይግቡ ቢባሉ ደግሞ እምቢ አሉ። “ከማንጎው ሥር ካለችው ክፍሌ አልወጣም፤ እዚያ ነፋስ አለ” አሉ። ክፍሏ ከግቢው ማዶ ናት። ሃያ እርምጃ ያህል ትርቃለች።

ልጅ ምን ያድርግ? ታረቀኝ ትንሽ ማይክ ፈልጎ ከአባቱ ትራስ አጠገብ አስቀመጠ። ገመዱን በግቢው አሻግሮ፣ በመስኮት አስገብቶ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘው። ከዚያ ወዲህ የአባባ ክፍል እንዳለ በነዚያ ሁለት ስፒከሮች መምጣት ጀመረ። ሳላቸው ይመጣል። አልጋው ሲንቋቋ ይመጣል። ማንጎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አንዴ ከውጭ በመስኮቱ፣ አንዴ ከስፒከሩ።

አባትየው መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር። “ታምሜ ነው እንጂ ታስሬ ነው እንዴ የምታዳምጠኝ?” አሉት። ውለው ሲያድሩ ለመዱት። “ታረቀኝ፣ ዛሬ ሻይ የለም?” ይሉታል በዚያች በቀጠነች ድምፅ። እሱም ብድግ ብሎ ይሄዳል።

ጥሩ ልጅ ነው አይደል? አዎ፣ ጥሩ ልጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ እንዳትፈርዱበት ብዬ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው አስታማችሁ ታውቃላችሁ? ማዳመጥ እንዴት እንደሚያደክም ታውቃላችሁ? ማጠቡ፣ ማብላቱ፣ ማገላበጡ አይደለም የሚያደክመው። ሳል በተሰማ ቁጥር ልብ ድንግጥ ይላል። ሳሉ ሲቆም ደግሞ ለምን ቆመ ብሎ ድንግጥ ይላል። ታረቀኝ ስምንት ወር እንዲህ ኖረ። መስመር ያሰምራል፣ ያዳምጣል። ይበላል፣ ያዳምጣል። ሚስቱ ስታወራው እንኳ ግማሹ እሷ ጋ የለም። “ሰማኸኝ?” ትለዋለች። “አዎ” ይላታል። አልሰማትም።

ያን ቅዳሜ ሚስቱ ፋንታነሽ አራስ እህቷን ልትጠይቅ ጠዋት ወደ ሶዶ ሄደች። በሩ ላይ ቆማ፣ “አባባን አደራ። ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጣቸው፣ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው” አለችው።

“አታስቢ፣ የትም አልሄድም” አላት።

ውሸት አልነበረም። የትም አልሄደም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አባቱን ምሳ አበላ፣ ውሃ አጠጣ፣ ትራሳቸውን አስተካክሎ አስተኛቸው። ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ታናሽ ወንድሙ ምናሴ መጣ። ምናሴ አስተማሪ ነው፤ አላገባም፣ አብሯቸው ነው የሚኖረው። የእግር ኳስ ጌም ይወዳል፤ ጌሙም እዚያው ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ግን ድምፁ ከተበላሸ ቆይቷል። እናም ምናሴ መጫወት ሲፈልግ የወንድሙን ስፒከሮች ነው የሚጠቀመው።

ስፒከሮቹ አንድ ገመድ ብቻ ነው ያላቸው። ገመዱ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካ ጌሙ ድምፅ የለውም። ጌሙ ላይ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ድምፅ የለውም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገናኝ ነገር ገበያ ላይ አለ፤ ወንድማማቾቹም ያውቃሉ። እንገዛዋለን፣ እንገዛዋለን ሲሉ ከረሙ። እስከዚያው አንድ ስምምነት ነበራቸው፤ የነቀለ ሰው መልሶ ይሰካል።

“ታረቀ፣ ስፒከሩን አንዴ ልውሰደው?” አለ ምናሴ።

“አባባስ?”

“በልተው ተኝተዋል አይደል? አንድ ጨዋታ ናት። ሩብ ሰዓት።”

“ያለ ድምፅ ብትጫወትስ?”

“ያለ ድምፅ ኳስ ምን ይጥማል?”

ታረቀኝ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አለ። የአባቱ ትንፋሽ ረጋ ብሎ ይመጣል፣ ይሄዳል። ተኝተዋል።

ገመዱን የነቀለው ማን ይመስላችኋል? ምናሴ አይደለም። ታረቀኝ ራሱ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ሰደደ፤ ነቀለና ለወንድሙ አቀበለው። ትንፋሹ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ የስታዲየም ጩኸት ሳሎኑን ሞላው።

ምናሴ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ዘረጋለት። “ና እንጂ። ከተጫወትን ስንት ጊዜያችን ነው።”

ታረቀኝ ሰዓቱን አየ። ፕላኑን አየ። ከዚያ ሄዶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

ምን እንደተሰማው ነግሮኛል፤ እኔም አልደብቃችሁም። “ፓስተር፣ አረፍኩ” ነው ያለኝ። በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮው የሚጠብቀው ነገር አልነበረም። ጎል ገባበት፣ ጮኸ። ጎል አገባ፣ ሳቀ። ወንድሙ እንደዚያ ሲስቅ ምናሴ ካየው ዓመት አልፎት ነበር። ታዲያ ይህ ኃጢአት ነው? አይደለም። የደከመ ሰው ማረፍ አለበት። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ እንደርስበታለን።

አንዱ ጨዋታ ሁለት ሆነ። ታረቀኝ ብድግ አለ። “ቆይ፣ አባባን አይቼ ልምጣ።”

“ይህችን እንጨርስና” አለ ምናሴ። “አንድ ለአንድ ነን።”

ተቀመጠ።

ሁለቱ ሦስት ሆነ። ዞር ብሎ በመስኮቱ አየ። የአባቱ ክፍል በር ገርበብ እንዳለ ነው። መጋረጃው አይነቃነቅም። “ዝም ብለዋል” አለ። ማን ነገረው? የሚሰማበትን ገመድ ነቅሎ፣ ዝም ብለዋል ይላል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምናሴ ስልክ ጠራ፤ ጓደኞቹ ናቸው። ጌሙን አጠፋ፣ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፣ “ማታ እንገናኝ” ብሎ ወጣ። ታረቀኝም ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ሳል የለም። የአልጋ መንቋቋት የለም። “ተመስገን፣ ዛሬስ ደህና ተኙ” አለና እጁን ማውሱ ላይ አደረገ። እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ሠራ። እንደዚያ ቀን አምሮለት አያውቅም። የክሊኒኩን ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ነበር የሚነድፈው፤ ሕመምተኞቹ ነፋስ እንዲያገኙ መስኮቱን ወዴት ላድርገው እያለ፣ እያዞረ፣ እያስተካከለ።

ወገኖቼ፣ ገመዱ የት ነው?

ገመዱ ጌሙ ላይ ነው። ጌሙ ደግሞ ጠፍቷል። የሚመጣለት ጸጥታ የአባቱ ክፍል ጸጥታ አይደለም። የማንም አይደለም።

በመካከሉ ግን አንድ ነገር ይበላው ጀመር። ምን እንደሆነ አላወቀም። የረሳሁት ነገር አለ አለ። ፋይሉን ሴቭ አደረገ፤ እሱ አይደለም። ስልኩን አየ፤ የፈለገው ሰው የለም። ኩሽና ገብቶ ምድጃውን አየ፤ ጠፍቷል። ተመልሶ ተቀመጠ። እናንተስ እንዲህ ሆናችሁ አታውቁም? ሁሉ ነገር በቦታው ያለ ይመስላችኋል፣ ውስጣችሁ ግን እንቅ ያደርጋችኋል።

ያኔ ማንጎ ወደቀ። ቆርቆሮውን ጓ አደረገው።

ታረቀኝ ሁለተኛውን ጠበቀ። ከስፒከሩ የሚመጣውን።

አልመጣም።

አንገቱን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ አዞረ። የገመዱ ቦታ ባዶ ነው። ወንበሩ ሲወድቅ አልሰማም። ግቢውን እንዴት እንዳቋረጠው አያውቅም። በሩን በትከሻው ገፋው።

አልጋው ባዶ ነው። ጋሽ ወልደሃና በአልጋውና በግድግዳው መካከል ሲሚንቶው ላይ ወድቀዋል። ጉንጫቸው መሬት ነክቷል፤ የደከመው እጃቸው ሥራቸው ታጥፏል። የውሃው ኩባያ ከጣታቸው ስንዝር በማትሞላ ርቀት ተደፍቷል፤ የፈሰሰው ውሃ በሙቀቱ ደርቆ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል።

“አባባ። አባባ።”

ዓይናቸውን ገለጡ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። “መጣህ?” አሉት።

“መቼ ነው የወደቁት? ለምን አልጠሩኝም?”

አያችሁ የጠየቀውን ጥያቄ? ለምን አልጠሩኝም ነው ያለው።

“ጠራሁህ እኮ” አሉ። ቁጣ የለበትም። እያረፉ ነው የሚናገሩት። “ስምህን ጠራሁ። ቆይቼ ምናሴን ጠራሁ። ኋላ ሳቃችሁ ከወዲያ ተሰማኝ። እየተጫወቱ ነው፣ ይጫወቱ አልኩ። ተውኩት።”

ጎረቤት ተጠርቶ አነሷቸው። በባጃጅ፣ አንዱ ጭንቅላታቸውን አንዱ እግራቸውን ደግፎ፣ ሆስፒታል አደረሷቸው። የዳሌ አጥንታቸው ተሰንጥቋል፣ ሰውነታቸው ውሃ አልቆበታል። ግሉኮስ ተሰካላቸው። ሐኪሟ፣ “በዚህ ሙቀት ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ” ብላ ጀመረች፤ የታረቀኝን ፊት ስታይ ሳትጨርሰው ተወችው።

ምናሴ እየሮጠ መጣ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። “ገመዱን ሳልመልስ ሄድኩ” አለ። “እኔ ነኝ፣ ታረቀ። የነቀለ ይመልሳል ብለን ነበር፣ ሳልመልስ ሄድኩ።”

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ታረቀኝ በባጃጁ ውስጥ የአባቱን ጭንቅላት ጭኑ ላይ ይዞ፣ መንገዱን ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። “አባባስ ብዬህ ነበር” የሚል። ብሎታልም፤ ውሸት አይሆንበትም። ወንድሙ ደግሞ ሸክሙን ራሱ ሊሸከም ቀርቧል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

“የነቀልኩት እኔ ነኝ” አለ ታረቀኝ። “አንተ ከወጣህ በኋላም ከሰዓት በላይ እዚያው አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዞር ብዬ አላየሁም። ጸጥታውን ወድጄው ነበር።”

ለፋንታነሽም በስልክ እንደዚያው ነገራት። አንድም ነገር አላስቀረም። “አሁን አጠገባቸው ነህ?” አለችው።

“ነኝ።”

“እጃቸውን ያዝ” አለችው።

ጋሽ ወልደሃና ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤት ተመለሱ። እግራቸው ከዚያ ወዲያ አልቆመላቸውም። ወንድማማቾቹ ሲሉት የከረሙትን ማገናኛ እሳቸው በወደቁ ማግስት ገዝተውት ነበር፤ አሁን ስፒከሩ የሁለቱንም ድምፅ ይሰጣል፣ የሚነቀል ነገር የለም። ማይኩም ወደ ትራሱ ተመለሰ። ሳሉ ይመጣል፣ ትንፋሹ ይመጣል።

ጥሪ ግን አይመጣም።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ስሙን አይጠሩም። ሻይ አይጠይቁም። ታረቀኝ በየሰዓቱ እየሄደ፣ “አባባ፣ ምን ላምጣልዎት?” ይላል። “ምንም አልፈልግ” ይሉታል። ፈገግ ብለው ነው የሚሉት። አልተቀየሙም። ቂም የሚይዙ ሰው አይደሉም። ከልጃቸው የሚጠብቁትን ነገር ብቻ ቀነስ አድርገዋል።

እኔ ዘንድ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት ሊሆን የደረሰ ሰው፣ ቢሮዬ ተቀምጦ አለቀሰ። “ፓስተር፣ ይቅር ብለውኛል” አለኝ። “ግን አይጠሩኝም።”

እንጸልይ አልኩት፣ ጸለይን፣ ሄደ።

ሄዶ ምን አደረገ? ስፒከሩን ነቀለ፤ ማይኩንም ነቀለ። ጠረጴዛውን ከምናሴ ጋር ተሸክሞ ግቢውን አቋረጠ። ኮምፒውተሩን አባቱ ክፍል፣ ከአልጋቸው ግርጌ ተከለው።

“ይህ ክፍል ጠባብ ነው” አሉ አባትየው። “እኔ አስላለሁ፣ ሥራህ ይበላሻል።”

“ይበላሽ” አለ።

ከዚያ ወዲያ እዚያው ነው የሚሠራው። ጀርባውን ለአባቱ ሰጥቶ፣ ክንዱን ቢዘረጋ እግራቸውን የሚነካበት ቦታ። አንዳንድ ቀን አያወሩም። አንዳንድ ቀን ሁለቱም ያንቀላፋሉ። እንዲህ እያሉ ወር አለፈ። አንድ ጠዋት መስመር ሲያሰምር ከኋላው፣

“ታረቀኝ” የሚል መጣ።

እጁ ማውሱ ላይ ደረቀ። “አቤት፣ አባባ።”

“ያ የግቢ በር ጠበበኝ። መኪና እንዴት ሊገባ ነው?”

ስክሪኑን እያዩ ኖሯል። ዕድሜ ልኩን ግሬደር የነዳ ሰው በር ሲጠብ ያውቃል። ታረቀኝ በሩን አሰፋው። “አሁንስ?” አላቸው። “ትንሽ ጨምር” አሉ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ታረቀኝ አልነበረም። ስለ ራሴ ቤት ነው። እናንተስ? እኛ ስንት ጆሮ ነው ያለን? ፊታችን ላይ ሁለት ይታያል፤ ውስጥ ያለው ግን አንድ ነው። ሥራው ይፈልገዋል፣ ስልኩ ይፈልገዋል፣ ጭንቀታችንም ይፈልገዋል፣ ደስታችንም። አንዱ ላይ ስንሰካው ከሌላው ነቅለን ነው። ጨዋታ ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታረቀኝን ጨዋታው አልነበረም የጎዳው፤ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አለመመለሱ ነው። እኔ በአገልግሎት ስም ነቅዬው ስንት ዓመት ቆይቻለሁ። ቤቴ ጸጥ ሲል ቤቴ ሰላም ነው ብዬ ሰብኬያችሁ አውቃለሁ፣ እዚሁ ቦታ ላይ ቆሜ።

ከሚስትህ ጋር መጨቃጨቅ አቁማችኋል። ሰላም ነው ትላለህ? ወይስ ጠርታ ጠርታ ሳቅህ ሲሰማት ተወችው? ልጅሽ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘግታ ትውላለች፣ ጨዋ ሆነች ትያለሽ። ጠይቀሻታል? በየሳምንቱ ይደውልልህ የነበረ ወዳጅህ ከደወለ ስንት ወር ሆነው? ኑሮ በዝቶበት ይሆናል አልክ። እንዴት አወቅህ? በምን ሰማህ?

እግዚአብሔርስ? ስንቶቻችን ነን፣ እሱ ዝም ብሏል፣ ድሮ ይናገረኝ ነበር አሁን ዝም አለኝ የምንል? ዝም ያለው እሱ መሆኑን በምን አረጋገጥን?

አታስፈራራን ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ እየፈራሁ ነው የምናገረው። የሚፈራ ሰው ይሮጣልና። ጋሽ ወልደሃና ሲሚንቶው ላይ ሆነው ገና ትንፋሽ ነበራቸው። ዛሬ በየቤታችን ጥሪውን የተወ ሁሉ አላለቀለትም። ግን ከሳሎን ሆናችሁ “ደህና ናችሁ?” ብላችሁ አትመለሱ፤ “ደህና ነን” ነው የሚሏችሁ። ወንበራችሁን ይዛችሁ ግቡ። ወዲያው አይጠሯችሁም። ወር ይፈጃል፣ ምናልባት ዓመት። ተቀመጡ።

አሁን ለአንድ ደቂቃ ዝም እንላለን። መዘምራንም፣ እባካችሁ፣ ኪቦርዱ ይቁም። ማንም አይጸልይ፣ ማንም አሜን አይበል። ዝም ብላችሁ አድምጡ፤ የሚመጣላችሁ ስም አለ።

መጣላችሁ?

እንግዲያው የሩቅ ሰው ከሆነ ወደ ውጭ ወጥታችሁ ደውሉ። የቅርብ ከሆነ ተነሡና ሂዱ። በሩ ክፍት ነው፣ ማንም ቢወጣ አልቀየምም። ስብከቱ አልቋል፣ መዝሙሩ ይቆየናል። አንተ፣ ከኋላ የተነሣኸው ወንድሜ፣ አትፈር፣ ሂድ። አሳልፉት።